እንግዳ ሲያጨስ

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት የጤና ጣቢያችን ሲስተር ማዳመጫውን የታናሽ እህቴ ደረት ላይ አደረገች። ከፊት አዳመጠች፣ ከጀርባ አዳመጠች፣ እንደገና ወደ ፊት መለሰችው። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ አንገቷ ላይ ጣል አደረገችና፣ «ፉጨቱ የለም። ሳንባዋ ጸድቷል። ከእንግዲህ ለክትባት ብቻ አምጧት» አለችን።

ጮህኩ! ወረፋ የያዙት እናቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ሰው ምን ይላል?» ብላ ቆጣ አለች። ግን እሷም የሻርፗን ጫፍ ስባ ዓይኗ ላይ አድርጋ ነበር።

ቤት እንደገባን ደብተሬን አወጣሁ። የአማርኛ መምህራችን ባለፈው ሳምንት የጻፍኩትን ለክፍሉ ካነበበው ወዲህ እጄ መጻፍ አይፈራም። ደስታዬ የዛሬ ነው። ከሱ በፊት የነበረው ግን ደስ የሚል አይደለም፤ እሱንም እጽፈዋለሁ።

አባቴ እዚህ ቡታጅራ የበርበሬ ነጋዴ ነው። ከማረቆ የሚመጣው በርበሬ በጆንያ ሆኖ ሳሎናችን ጥግ ይከመር ነበር። እህቴ ስድስት ወር ሲሞላት ሳል ጀመራት። ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ሁላችንም «በርበሬው ነው» አልን። ጎረቤት መጥቶ ባስነጠሰ ቁጥር «ይኸው! አላልናችሁም?» እንባባላለን። አባቴ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ ገበያ አጠገብ ወዳለ መጋዘን ወሰዳቸው። እናቴ ወለሉንም ግድግዳውንም አጠበች።

ሳሎኑ ሰፋ። ሲሰፋ የተመቸው ግን ለአርብ እንግዶቻችን ነው።

አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ አራት የአባቴ ጓደኞች እኛ ቤት ጫት ይቅማሉ። ድሮ ከጆንያው ጋር ተጣበው ነበር የሚቀመጡት። አሁን ፍራሽ ተነጠፈላቸው፣ እግራቸውን ዘረጉ፣ ቆይታቸውም ረዘመ። ነፋስ ምርቃናቸውን ስለሚያበላሽባቸው መስኮት አይከፈትም። አራቱም ያጨሳሉ። አባቴ አያጨስም፤ በሕይወቱ አጭሶ አያውቅም። ግን መተርኮሻውን አጥቦ የሚያቀርብላቸው፣ ክብሪት የሚጭርላቸው እሱ ነው። እንግዳ ናቸዋ! እህቴ የምትተኛበትን ጓዳ ከሳሎኑ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው።

ከአራቱ ትልቁን ሰውዬ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። አባቴን ንግድ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እህቴን ሲወዷት ለጉድ ነው። ሲጋራ የያዘውን እጃቸውን ራቅ አድርገው በሌላው ያቅፏታል። «እቺን በርበሬ ነጋዴ ነው የማደርጋት፤ አባቷ እንደሆነ መደራደር አይችልም» ይላሉ፤ አባቴም ከሁሉም በላይ ይስቃል።

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ የሄድን ቀን ሲስተር «ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ወላሂ የለም! የልጆቼ አባት ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም» አለች እናቴ።

አልዋሸችም። እኔም አጠገቧ ቆሜ ራሴን ነቀነቅሁ። እኛ ዘንድ የቤት ሰው ሌላ ነው፣ እንግዳ ሌላ ነው። እንግዳ ያደረገውን ማንም የቤቱ ጉዳይ ብሎ አይቆጥረውም። ሲስተር ካርዱ ላይ «የለም» ብላ ጻፈች፣ ሽሮፕ ሰጠችን፣ ሄድን።

ከሁለት ወር በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ጡት መጥባት አቃታት። በተነፈሰች ቁጥር የጎድን አጥንቶቿ መሃል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከንፈሯ ጠቆረ። በባጃጅ ሆስፒታል ሮጥን። አምስት ቀን ኦክስጅን ላይ ቆየች። ሐኪሙ አባቴን ለብቻው ጠርቶ፣ እንዲህ ሆና ደግማ ከመጣች ለመትረፏ ዋስትና እንደሌለው ነገረው። አባቴ ይህንን ለእናቴ ሲነግራት ግድግዳውን ይዞ ነበር።

ከሆስፒታል ስትወጣ ለክትትል ወደ ሲስተር ተመለስን። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። እናቴም ያንኑ መለሰች። እኔ ግን የኦክስጅኑ ቱቦ እህቴ ጉንጭ ላይ የተወውን ምልክት እያየሁ ነበር።

«አርብ አርብ እንግዶች ያጨሳሉ» አልኩ።

እናቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

«ስንት ናቸው?» አለች ሲስተር።

«አራት።»

«መስኮት ይከፈታል?»

«አይከፈትም።»

ሲስተር አልተቆጣችም። ብዕሯን አስቀምጣ እናቴን ተመለከተቻትና፣ «እናቴ፣ የዚች ልጅ ሳንባ እንግዳና ቤተሰብ አይለይም» አለቻት።

 ደጃችን ስንደርስ እናቴ «ገመናችንን ባደባባይ አወጣሽው» አለችኝ። አባቴ ሲሰማ ደግሞ ብሶ ቁጭ አለ። «እና በገዛ ቤቴ ሰውን አታጭስ ልበል? ለጋሼ? በየትኛው ፊቴ ነው ከዚያ በኋላ ገበያ የምቆመው?» አለ።

አርብ ደረሰ። እንግዶቹ «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለው ገቡ፣ ተቀመጡ። ጋሼ ሲጋራቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ አባቴ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። ይሄኔ እናቴ መጋረጃውን ገልጣ፣ እህቴን እንዳቀፈች ወጣች። ጫት በሚቃምበት ሰዓት ሴት እዚያ መሃል አትቀመጥም። እሷ ግን ጋሼ ፊት ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ እስቲ ጆሮዎትን እዚህ ያድርጉልኝ» አለቻቸው፣ የልጅቷን ደረት እያሳየች።

እየሳቁ አጎነበሱ። ሳቃቸው ቆመ።

«ይሄ የሚያፏጨው ምንድነው?»

«የናንተ ጭስ ነው ብለውናል።»

አንደኛው እንግዳ «ኧረ በርበሬው ነው!» ብሎ ነገሩን ሊያቀልለው ሞከረ።

«በርበሬው ከወጣ ስንት ጊዜው፤ የተቀመጥክበት እኮ የሱ ቦታ ነው» አለችው።

ጋሼ ጆሯቸውን እንደገና አስጠጉ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው ማንንም ሳያዩ ጫማቸውን አድርገው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። አባቴ እናቴን «አስወጣሻቸው» አላት።

በሚቀጥለው አርብ ማንም አልመጣም። አባቴ ፍራሹን አነጠፈ፣ ውሃ አቀረበ፣ ብቻውን ተቀምጦ በሩን ሲያይ ዋለ። እኔ ጓዳ ሆኜ እህቴን እያባበልኩ፣ እሷን ላድን ብዬ አባቴን የገደልኩት መሰለኝ። መጀመሪያ ቀን ራሴን ባልነቀንቅ ኖሮ ግን ምናልባት አምስት ቀን ኦክስጅን ላይ ባልቆየች ነበር። ይህን መጻፍ ከባድ ነው፤ ግን ጻፍኩት።

በሦስተኛው አርብ ጋሼ መጡ። አጥሩ በር ላይ ቆመው ተጣሩ።

«አንተ! ፍራሹን ወደዚህ አውጣው! ዝናብ እስኪመጣ እዚህ ግቢው አቮካዶ ዛፍ ሥር እንቀመጣለን።»

አባቴ ፍራሹን ሲጎትት ሊወድቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚቀመጡት ደጅ ነው። ማጨሱን አልተዉም፤ ጋሼም ራሳቸው ያስላሉ፣ ሲያስሉ ያሳዝኑኛል። እህቴን ለማቀፍ ሲፈልጉ ኮታቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ታጥበው ነው። አንድ ቀን ሽቶ አርከፍክፈው መጥተው እናቴ «ጋሼ፣ ሙሽራ ሆኑ እንዴ? ይልቅ ይታጠቡ!» ብላ መልሳቸዋለች። እሳቸውም ሄደው ታጠቡ።

ዛሬ ለአባቴ ደውዬ «ሳንባዋ ጸድቷል» ስለው «አልሐምዱሊላህ» አለ። ከዚያ «ለጋሼ እኔ ልንገራቸው» አለኝ።

ሲስተር ደግሞ እናቴን በክትባት ቀን ለሌሎች እናቶች እንድትናገርላት ለምናታለች። እናቴ «በኔ አማርኛ?» ብላ አፈረች። «በቋንቋችሁ በመስቃንኛ ተናገሪው፤ የሚሰሙሽ እነሱ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም» አለቻት፤ ሲስተር ከሰሜን ነው የመጣችው። እናቴ እሺ አለች። ቤት ስንገባም «ጽሑፍሽ ላይ ጨምሪልኝ» ብላኛለች፤ ስለዚህ መምህራችን ይህንንም ለክፍሉ ካነበበው፣ ለእናቶቻችሁ የምታደርሱላት አደራዋ ይኸው፦ ማክሰኞ ጠዋት፣ በክትባት ቀን፣ ጤና ጣቢያው ግቢ፣ አግዳሚው ላይ ትጠብቃችኋለች። ልጆቻችሁን አዝላችሁ ኑ። «ባሌ አያጨስም፣ እኔን አይመለከተኝም» የምትሉ ካላችሁ፣ አደራ እንዳትቀሩ፤ እሷ አጥብቃ የምትፈልገው እናንተን ነው።