ስልሳ ሦስተኛዋ ሴት

ኤልሳዕ ጌታነህ ቁጭ ብሎ ማስተማር አይሆንለትም። ከሰሌዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ ሲመላለስ ተማሪዎቹ እሱን በዓይን በመከተል አንገታቸውን ያማቸዋል። እናቱ ወይዘሮ በለጡ ሽንኩርት ሲልጡ ቢላዋ ነጥቆ "እንዲህ ቢሆን ይፈጥናል" የሚል ልጅ እንደነበር ለጎረቤት ሁሉ ይናገራሉ። ይህ ጠባዩ አዲስ አበባ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት ውስጥ አስቀጠረው፤ ይኸው ጠባዩ በስድስተኛው ዓመት ከዚያ አስለቅቆ ወደ ተወለደባት ሐረር መለሰው። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ በየሳምንቱም ከአንድ ሰው ጋር ይጣላል።

የጠቡ ሁሉ ምክንያት አንድ ትምህርት ነው። ኤልሳዕ ሶፍትዌር መሥራትንና የራስን ሥራ መፍጠርን አዋሕዶ ሲያስተምር የወረቀት ፈተና አይሰጥም። ተማሪዎቹ አራት አራት ሆነው ወደ ከተማ ይወጣሉ፤ ችግር ያለበት ሰው ይፈልጋሉ፤ ችግሩን የሚያቃልል ፕሮግራም ይሠሩለታል። ሰውየው ካልተጠቀመበት ውጤት የለም። ለመምህር ብቻ የተሠራ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ተቀብሮ ይቀራል ባይ ነው። እውነት ለመናገር ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ክፉነቱ ጥሩ ሐሳብ ላለው ሰው ሌላው ሁሉ የተኛ መስሎ መታየቱ ነው።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ተክለጻድቅ ግን ትዕግሥታቸው ተሟጠጠ። በሁለት ሴሚስተር አንድም ፕሮግራም ሥራ ላይ አልዋለም። ለባጃጅ ነጂዎች የተሠራው ተራ ማስያዣማ ባጃጆቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሸዋ በር ጠርቶ መንገዱን ዘግቶ ነበር። በመጨረሻ ቁርጡን ነገሩት። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ኮሚቴ ይቀመጣል፤ በሰው እጅ ገብቶ የሚሠራ አንድ ነገር ካላሳየ ትምህርቱ ወደ ወረቀት ፈተና ይመለሳል።

ተስፋው ያረፈው የአፍራ ቡድን ላይ ነበር። አፍራ በቅጽር የታጠረችው የድሮ ሐረር፣ የጀጎል ልጅ ናት። አክስቷ ወይዘሮ ጀናት የስልሳ ሦስት ሴቶች አፎቻ ይመራሉ፤ ሐረሪዎች በሰርግና በሐዘን የሚረዳዱበት ማኅበር ማለት ነው። ወሬ ሲኖር አንዲት መልእክተኛ በየቤቱ እየዞረች ትናገር ነበር፤ ዘንድሮ ጉልበቷን አሟት ቤት ዋለች። እነአፍራ ታዲያ ወይዘሮ ጀናት በራሳቸው ድምፅ፣ በሐረሪ ቋንቋ መልእክት ቀድተው በአንድ ቁልፍ ለሁሉም የሚልኩበትን ፕሮግራም ሠሩ። የሰማች ሴት "ሰምቻለሁ" የሚለውን ትነካለች፤ ላልሰማችው "ድገም" ሲባል ስልኳ ራሱ ከፍቶ ይናገርላታል።

አፍራ ከመልቀቃቸው በፊት አንድ ሳምንት ጠይቃ ነበር፤ ከአክስቷ ጋር ቁጭ ብላ የአፎቻውን ደንብ አንድ በአንድ ልትጽፍ ፈልጋ። ኤልሳዕ አልሰማትም። ተጠቃሚው ራሱ ያስተምረናል ብሎ ሰኞ ዕለት አስለቀቀው። ማክሰኞ አንድ የሰርግ ወሬ ተላከ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስልሳ ሦስቱም ሰሙ። ያን ቀን ኤልሳዕ ከደስታው ብዛት ምሳውን ረሳ።

ረቡዕ ረፋድ ሁለተኛው መልእክት ተላከ። ኤልሳዕ ሸዋ በር ሚኒባስ እየጠበቀ በስልኩ ቁጥሩን ያያል። ሠላሳ፣ ሃምሳ፣ ስልሳ ሁለት። እዚያ ላይ ቀጥ አለ። መልእክቱ ስለ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ሐረሪኛው ከሰላምታ አያልፍም፤ ለመጠየቅም አላሰበም። የቀረችው አንዷ ሴት ብቻ አበሳጨችው። ኮሚቴ ፊት ስልሳ ሁለት ማለትና ሁሉም ማለት ለየቅል ነው። ስሟን አየ፤ ዐብላ ይላል። "ድገም" የሚለውን ነካ። ሁለት ደቂቃ ታግሦ ደግሞ ነካ። ሰልፍ ላይ ነካ፤ ተሳፍሮም ነካ። አራት ጊዜ መሆኑ ነው።

አፍራ የደወለችለት ሚኒባሱ ሳይንቀሳቀስ ነው። "መምህር፣ ማን ነው የሚደጋግመው?" አለችው።

"እኔ ነኝ። አንዷ አልሰማ አለች እኮ።"

 ቀጥሎ የነገረችውን ሲሰማ ከሚኒባሱ ወረደ።

የወይዘሮ ዐብላ ታላቅ ወንድም ነስሮ ጅዳ ሠላሳ ዓመት ኖሮ እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። እንዲህ ሲሆን በአፎቻው ወግ ጎረቤት ይሰማል እንጂ ባለሐዘኗ አትሰማም። ሴቶቹ አስቀድሞ በሹክሹክታ ይነገራቸዋል፤ በማግሥቱ ማለዳ ደጇ ይሰበሰባሉ፤ ትልልቆቹ ገብተው አጠገቧ ተቀምጠው ቀስ እያሉ ያረዷታል። ወይዘሮ ጀናትም ይህንኑ ነበር የቀዱት። ነስሮ ወደ አኼራ ሄዷል፤ ሐሙስ ከንጋት ሶላት በኋላ ዐብላ ደጅ እንገናኝ፤ እስከዚያ እሷ እንዳትሰማ ተጠንቀቁ ብለው ለሁሉም የሚለውን ነኩ። ወይዘሮ ዐብላ ጊደር መጋላ ቅመም ይሸጣሉ። እጃቸውን እርድ ነክቶት ስለነበር የጎን ሻጯን ክፈቺልኝ አሏት። ስልኩ በገበያው መሐል ጮክ ብሎ ተናገረ። ከዚያ ደግሞ ተናገረ፤ አራት ጊዜ።

እነአፍራ ወይዘሮ ጀናትን ወሬ ለማን ለማን እንደሚነገር ጠይቀዋቸው ነበር። ለሁሉም ነዋ ብለው መለሱ፤ አፍራም ለሁሉም ብላ ጻፈች። ለሁሉም ሲባል ባለሐዘኗን እንደማይጨምር ለማን ይነገራል? ኤልሳዕ ራሱ ያውቀው የለም? አባቱ ያረፉ ጊዜ አጎቱ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው "ትንሽ አሞታል" ብለው ነው ሐረር ያደረሱት። እውነቱን የነገሩት ፊቱን ታጥቦ፣ ዘመድ ከቦት ነው። ሁሉም የሚያውቀውን ማንም አልጻፈውም። ኤልሳዕ ይህን ሲያስብ እዚያው መንገድ ላይ አፈረ፤ እፍረቱም ሊሸሹት የማይቻል ዓይነት ነበር።

አፍራ መጥታ በቅጽሩ በር አስገብታ በጠባቡ መንገድ እየመራች አክስቷ ቤት ወሰደችው። ኤልሳዕ ከመቀመጡ ፕሮግራሙን አሁኑኑ አጠፋለሁ፣ ሄጄ የወይዘሮ ዐብላ እግር ላይ እወድቃለሁ እያለ ቃል በቃል ላይ ደራረበ። ወይዘሮ ጀናት እስኪጨርስ ጠበቁት። ዐብላ ሐዘን እንዳልተቀመጠች ነገሩት። ቅመሟን ሰብስባ ቤቷ ገብታ ምሳ ሠርታለች። ሊያጽናናት የገባውን ሁሉ፣ የነገረኝ ስልክ ነው፤ ሰው እስኪነግረኝ ወንድሜ ደህና ነው እያለች ትመልሳለች።

"ነገ ማለዳ እንገባለን" አሉት ወይዘሮ ጀናት፤ "አንተም ትገባለህ። አራቴ በስልክ የነገርካት አንተ ነህ፤ አሁን በአፍህ ንገራት።"

ኤልሳዕ ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴ እንዳለበት ተናገረ። ዩኒቨርሲቲው ለመድረስ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ስንት ሰዓት እንጨርሳለን ብሎ ጠየቀ።

"ስንጨርስ" አሉት።

ሐሙስ ሲነጋ ሴቶቹ የወይዘሮ ዐብላን ደጅ ሞልተውት ነበር። ኤልሳዕ ጫማውን አውልቆ ከወይዘሮ ጀናት ኋላ ገባ፤ ከፍ ካለው መደብ ጫፍ ተቀመጠ። ወይዘሮ ጀናት በመንገድ ላይ ስለ ሟቹ የሚያውቁትን ሁሉ ነግረውታል። ወይዘሮ ዐብላ ግን አልቸኮሉም። ሰላምታውን ከእያንዳንዱ ሰው ጋር አዳረሱ፤ የእናቱን ጤና ጠየቁት፤ ውኃ አስቀረቡ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ፤ ዝም አለ፤ ደግሞ ነዘረ። ኮሚቴው ያለ እሱ ተቀምጦ ትምህርቱን ወደ ወረቀት ፈተና መመለሱን የሰማው ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የሚያውቀው ተነሥቶ ቢሮጥ ገና እንደሚደርስ ብቻ ነበር። ከየት እንደሚጀምር ጠፍቶት ተቀመጠ።

ወይዘሮ ዐብላ አዩት። ጨንቆታል። የጀመሩለት እሳቸው ናቸው።

"ከጅዳ ወሬ አለ?"

"አለ።"

"ነስሮ ደህና ነው?"

ኤልሳዕ በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ ሊገላገል ነበር። የሴትዮዋን ፊት ሲያይ ግን ቃሉን ዋጠው።

"ትንሽ አሞት ነበር" አለ።

"ምኑን?"

"ልቡን።"

"ሐኪም አየው?"

"አይቶታል። ሆስፒታል ተኝቶ ነበር።"

ወይዘሮ ዐብላ ራሳቸውን ነቀነቁ።  ቀጣዩን ከመጠየቃቸው በፊት ረጅም ጊዜ ቆዩ፤ ኤልሳዕም አብሮ ቆየ።

"ሰው አጠገቡ ነበር?"

ይህ መልእክቱ ውስጥ አልነበረም። ስልሳ ሦስት ስልክ ላይ ቢፈለግ የትም አይገኝም።

"ልጁ ነበር። እጁን ይዞት ነበር።"

"እስከ መጨረሻው?"

ኤልሳዕ ሊመልስ አፉን ከፈተ። እንባው ቀደመው። ሰው ሊያረዳ መጥቶ ራሱ ቀድሞ አለቀሰ።

"እስከ መጨረሻው" አለ።

ወይዘሮ ዐብላ እጃቸውን ዘርግተው ራሱን ደባበሱት። "በቃ ልጄ፣ ነገርከኝ" አሉት፤ ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው የወንድማቸውን ስም ጠሩ።