ስማቸውን የሰጠሁባቸው መምህርት

የተያዝሁት ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚኒባስ ስመለስ፣ ከተማው መግቢያ ላይ በገመድ የተዘጋ ኬላ ላይ ነው። የጦርነቱ ዓመት ነበርና ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ስልኩን ያስፈትሻል። ታጣቂው የእኔን ሲያገላብጥ ቆየ። በኋላ "አንቺ እዚሁ ቅሪ" አለኝ። ለሱቄ የገዛሁት ጨርቅ ከመኪናው ጋር ሄደ።

ያስገቡኝ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ማዳበሪያው ወጥቶ ሽታው ቀርቷል፤ ዓይን ያቃጥላል። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳዎች ነው። አራት ሴቶች ቁጭ ብለዋል። ሐይቁ ዳር ዓሣ የምትሸጥ አንዲት ጎልማሳ የተቀመጠችበትን ጆንያ ከፈል አድርጋ ለቀቀችልኝ። "አብሽሪ" አለችኝ። ሌላ አልጠየቀችኝም።

ስልኬ ላይ ያገኙት አንድ ፎቶ ነበር።

ጂዳ ሰው ቤት ስሠራ ሰባት ዓመት ያቆየኝ አምባሰል ነው፤ ዘፈኑን ማለቴ ነው። ሳህን ሳጥብ በአንድ ጆሮዬ እሰማ ነበር። በለውጡ ሰሞን አገሬ ገብቼ ሱቅ ስከፍት፣ አምባሰል የሚወዱ ሰዎች የሚገናኙበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ገባሁ። መልክ ለመልክ አንተዋወቅም፤ የምንተዋወቀው በድምፅ ነው። ዘፈን እንላላካለን፣ እንከራከራለን። ዓርብ ዓርብ ደግሞ "በዚህ ሳምንት ምን እያነበባችሁ ነው?" እንባባላለን። ማን እንደጀመረው አላስታውስም። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ነኝና ዓርብ እንዳላፍር ብዬ መጽሐፍ መግዛት ጀመርሁ።

ከመካከላችን ከአምባሰል ደጋ አንዲት መምህርት ነበሩ። ሁልጊዜ መጀመሪያ ትንሽ ያንጎራጉሩና ነው ስለ መጽሐፉ የሚያወሩት። አንድ ዓርብ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ስለ አገሩ ቦታዎች የሚተርክ አሮጌ መጽሐፍ ይዣለሁ አሉ። እኔ ነኝ የጠየቅኋቸው። "እትዬ፣ አምባሰል አምባሰል እላለሁ እንጂ ተራራውን ከመንገድ ከማየት ሌላ አላውቀውም። መጽሐፉ ምን ይላል?" አልኋቸው። ካርታ ያለበትን ገጽ ፎቶ አንሥተው ላኩልኝ። ተራራውንና መንገዱን በእርሳስ አክብበውልኛል።

"ይህን ካርታ ማን ላከው?" አለኝ መርማሪው፣ በተያዝሁበት ዕለት ማታ ከመጋዘኑ አስወጥተው ፊቱ ሲያቀርቡኝ።

አልመታኝም። ውሃ አስመጣልኝ። ልጄ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠየቀኝ። "የላኪውን ስም ብቻ ንገሪኝ፤ ከዚያ ወደ ልጅሽ ትሄጃለሽ።" ስማቸውን ነገርሁት። የሚያስተምሩበትን ትምህርት ቤት ሳይጠይቀኝ ጨመርሁለት። አንድ ጊዜ መጽሐፍ በሹፌር ልኬላቸው ስለነበር አውቀዋለሁ። "ካርታውን ለምን ላከችው?" ሲለኝ ግን "እኔ እንጃ" አልሁ።

ወደ ልጄ አልሄድሁም። ወደ መጋዘኑ መለሱኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተከፈተና ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ገቡ። "እንዴት አደራችሁ ልጆቼ" አሉ። ከመጀመሪያዋ ቃል ለየኋቸው። ሂጃቤን ስቤ አፌን ሸፈንሁ።

"እትዬ፣ እርስዎን ደግሞ በምን አመጡዎት?" አለች ዓሣ ሻጯ።

"በማንበብ ነው መሰለኝ" አሉ። ሴቶቹ ሳቁ።

እስከ ቀትር ትንፍሽ አላልሁም። ሲያናግሩኝ ጉሮሮዬን በጣቴ አሳያለሁ። መምህርቷ መጥተው ግንባሬን ዳሰሱ። "ትኩሳት እንኳ የላትም" አሉና ከደረሳቸው ዳቦ ልቡን፣ ለስላሳውን፣ ቆርሰው ሰጡኝ። ቅርፊቱን እሳቸው በሉ። ዳቦውን ዋጥሁት።

ከሰዓት በኋላ መምህርቷ "ዛሬ ዓርብ አይደል?" አሉ። "እኛ ዓርብ ዓርብ እንጠያየቃለን። ስትያዙ ምን እያነበባችሁ ነበር?"

አንዷ ቁርኣን እየቀራች ሱረቱ መርየም ላይ እንደነበረች ተናገረች። ዓሣ ሻጯ "እኔ ፊደል አልቆጠርሁም" አለች። "ልጄ የአራተኛ ክፍል መጽሐፉን ጮክ ብሎ ሲያነብ ነው የምሰማው። ስለ አንዲት ንብ ነበር። ወላሂ፣ ንቧ ቀፎዋ ትግባ አትግባ ሳልሰማ ነው የያዙኝ።"

መምህርቷ ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። "ሐይቅ ላይ አንዲት ወዳጅ አለችን፤ ድምፅዋን እንጂ መልኳን አላውቅም። የያዙኝ ለእሷ በላክሁት ካርታ ነው፤ እኔ የምሠጋው ግን ለእሷ ነው። ምን አድርገዋት ይሆን? እሷ እንደሆነች የሰው ስም አትሰጥም።" ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ ልጄ? ካመመሽ በምልክት ንገሪኝ።"

ሂጃቤን ከአፌ አወረድሁ።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ።"

ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳመጡኝ መሰለኝ። "የሐይቋ?"

"አዎ። ስምዎን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቱንም።"

"መቱሽ?"

"አልመቱኝም።"

"አስፈራሩሽ?"

"ውሃ ሰጡኝ።"

ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡና ሌላው ጥግ ሄደው ተቀመጡ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ በወደድሁ።

ተነሥቼ የብረቱን በር መታሁ። "ምን ሆንሽ?" አለ ጠባቂው ከውጭ።

"መርማሪውን አገናኘኝ። ያልነገርሁት አለ።"

"ነገ።"

"ዛሬ ነው የምፈልገው።" መዳፌ እስኪቀላ መታሁት። በመጨረሻ ተማርሮ ከፈተው።

ለመርማሪው "ካርታውን የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ" አልሁት። "ስለ ዘፈን ነው የጠየቅኋቸው። ድምፄ ስልኩ ውስጥ አለ፤ ክፈተውና ስማ።" ከፈተው። እኔው ራሴ እየሳቅሁ ስጠይቅ ተሰማ። ከሁለታችን ማንም አልሳቀም።

"ያን ዕለት ለምን አልተናገርሽም?"

"ፈርቼ። ነገሩ እሳቸው ላይ ቢያልቅ ብዬ።"

ወረቀት ሰጠኝ። ሁሉንም ጻፍሁ። ከሥሩ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ አስፍሬ ፈረምሁ።

እሳቸው በዘጠነኛው ቀን ተፈቱ። ሲወጡ ሴቶቹን አንድ በአንድ አቅፈው ሳሙ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቆመው "ለልጅሽ ያብቃሽ" አሉኝ። አላቀፉኝም። እኔ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ከሃያ ቀን ቆየሁ።

መንገዱ ሲከፈት ትምህርት ቤታቸው ድረስ ወጣሁ። የአጥሩ በር ላይ ቆመን አወራን። ስለ ልጄ ጠየቁኝ፤ ይቅርታ ስጠይቃቸው በእጃቸው ከለከሉኝ።

"ቂም አልያዝሁብሽም" አሉ። "ብቻ ምን እያነበብሁ እንደሆነ ለሰው መንገር ትቻለሁ። ለባለቤቴም አልነግረው።" ደወል ተደወለና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው በዚያ ዓመት የሠራውን አጫውቶኛል። ጎረቤቱን የጠቆመ አለ፤ ወንድሙን አላውቀውም ያለ አለ። ለሁሉም "ጊዜው ነው፣ አላህ ይቅር ይበለን" እላቸዋለሁ፤ ከልቤም ነው። ለራሴ ስለው ግን አይዋጥልኝም።