ኑዛዜዬ ላይ እንዳትፈርም የከለከልኳት ጎረቤቴ

ሐሙስ ጠዋት ከሚሴ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ሸራ ወጥሮ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ «ምስክሮቹ እነማን ናቸው?» ሲለኝ ከኋላዬ አራት ሰው ቆሞ ነበር... ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ቀረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅ የለኝም። ባለቤቴ ሲሞት የለቅሶው ድንኳን ሳይነሳ ወንድሞቹ ግቢውን በገመድ ሲለኩ በመስኮት አይቻለሁ። በሽማግሌ ተነጋግረን ቤቱ ለእኔ ቀረ። ያን ቀን ግን ለራሴ ቃል ገባሁ... እኔ ስሞት የማንም ዕቃ ደጅ አይወረወርም አልኩ።

የምፈራው ለእማዋይሽ ነው። እማዋይሽ ከጓሮዬ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራይታ አሥራ አንድ ዓመት የኖረች የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም። በዓል ሲመጣ ድስታችን ይለያል፣ ሌላው ሁሉ አንድ ነው።

በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስትወጣ በመጥረጊያዋ እንጨት በሬን ሁለቴ ትመታለች።

«ዘሀራ፣ አለሽ?»

«አለሁ!»

ይኸው ነው። መልሴን ሳትሰማ ከግቢ አትወጣም። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ስሜን የሚጠራ ሰው የማይኖርበት ቀን ብዙ ነው።

ወራሼ ባቲ ያለው ወንድሜ ነው። ለዒድ ይደውላል። ቤቱን ቢወስድ ሐቁ ነው፣ አይከፋኝም። እማዋይሽን ግን በተቀበርኩ በሳልስቱ እንደሚያስወጣት አውቃለሁ። ሼሃችንን ስጠይቃቸው ወራሽ ላልሆነ ሰው፣ ክርስቲያንም ቢሆን፣ እስከ ሲሶ መናዘዝ ይቻላል አሉኝ። ክፍሏ ከሲሶው ታንሳለች። አልሐምዱሊላህ ብዬ ተነሳሁ።

አራት ምስክር ያስፈልጋል ሲባል ማን ይመጣልኛል ብዬ ተጨንቄ ነበር። ሦስት ጎረቤቶቼ ግን ነገሬን ሳልጨርስ «እንመጣለን» አሉኝ። ጨፋ ሜዳ ካሉት ላሞቻቸው ወተት የሚልኩልኝ ሐጂ፣ ባለሱቋ ሩቂያ፣ ጡረታ የወጣው ሾፌር አያ ሰይድ። ወላሂ እንባዬ መጣ። አራተኛዋን እማዋይሽን ራሷን አደረግኳት። ክፍሏን ላወርሳት መሆኑን አልነገርኳትም... እዚያው ሲነበብ በጆሮዋ ትስማው ብዬ። ፊቷን ለማየት ጓጉቼ ነበር።

ራፖር ጸሐፊው ወረቀቱን አስተካክሎ ቀና አለ።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ። ምስክር ሆኖ የፈረመ ሰው ከኑዛዜው ምንም አይደርሰውም።»



መጀመሪያ አያ ሰይድ ያልጮኸ ስልኩን አውጥቶ «አሎ» እያለ ወደ አስፋልቱ ሄደ። ሩቂያ ሱቋን ሳትዘጋ መምጣቷ ትዝ አላት፣ ቁልፎቹ እጇ ላይ ተንጠልጥለው።

ሐጂ ትንሽ ቆዩ። «ማሎ ዘሀራ፣ አትቀየሚኝ... ዙሁር እንዳያመልጠኝ» ብለው ሄዱ። ዙሁር የቀትር ሶላት ነው፣ ሰዓቱ ገና ከጠዋቱ ሦስት ነበር። ወተቱ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለጉርብትና ይመስለኝ ነበር።

እማዋይሽ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ጭራሽ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች።

«ይሂዱ። እኔ አለሁ። ስሜን ጻፍ።»

ኧረ እኔስ ምን ልሁን! ወደ ጸሐፊው ጆሮ ጎንበስ ብዬ ክፍሉን የምናዘዘው ለእሷ መሆኑን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው እሷ አትፈርምም» አለ ጮክ ብሎ።

«ለምን?» አለችኝ እንጂ እሱን አልጠየቀችውም።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር... ግን የሦስቱ ጀርባ ገና ከዓይኔ አልጠፋም። ይቺም ካወቀች በኋላ ነገ በሬን ስትመታ፣ የምትፈልገው እኔን ነው ወይስ ክፍሉን? አሥራ አንድ ዓመት ያልጠረጠርኳትን ሴት በአንዲት ደቂቃ ፈራኋት። ጸሐፊው ሊያስረዳት አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝኩት።

«ክርስቲያን ስለሆንኩ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

ዓይኔን ወደ ወረቀቱ መለስኩ። ነጠላዋን አስተካክላ «እሺ ዘሀራ... ይመችሽ» ብላ ሄደች። ዞር ብላ አላየችኝም።

ጸሐፊው አዝኖልኝ መሰለኝ ከመንገድ ሰው ለቀመልኝ። ሁለት ባጃጅ ነጂዎች፣ የሞባይል ካርድ የምትሸጥ ሴትዮ፣ ለክስ የመጣ የጨፋ ገበሬ። ኑዛዜው ተነበበላቸው፣ ሁሉም ፈረሙ። ገበሬው አውራ ጣቱን ከቀለሙ እየጠረገ «ይቺ እማዋይሽ የታደለች ናት። ታውቃለች?» አለኝ።

«አታውቅም።»

«ንገሪያታ! ሞት ቀጠሮ ይሰጣል እንዴ?»

አርብ ጠዋት ተነስቼ በሬ አጠገብ ተቀመጥኩ። የጓሮው በር ሲከፈት ሰማሁ። እግሯ ደጄ ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆም ያለ መሰለኝ... ከዚያ የውጭው በር ተዘጋ። ማንም ሳይጠይቀኝ «አለሁ» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

ዛሬ እሁድ ነው። ልነግራት ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። አሁን ብነግራት ይቅርታ ለመግዛት የመጣሁ ይመስልብኛል። ባልነግራት ደግሞ በሃይማኖቷ የናቅኋት መስሏት ትኖራለች። ሁለቱንም ፈራሁ። ብቸኝነትን የማውቀው ይመስለኝ ነበር፣ እንዲህ ሆኖ ግን አላየሁትም።

ከሚሴ ውስጥ አራት የማላውቃቸው ሰዎች እማዋይሽን ምን ያህል እንደምወዳት ያውቃሉ... እሷ ብቻ አታውቅም።