ስርዝ ድልዝ የሌለበት ደብተር

በዚህ ሳምንት የልጅ ልጄ መኝታ ክፍሌ መስኮት ላይ ሁለት ብርጭቆ አስቀምጣለች። በሁለቱም ውስጥ እርጥብ ጥጥ፣ በጥጡ ላይ ባቄላ አለ፤ አንዱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍናዋለች። ስድስተኛ ክፍል ናት። ስለ ሙከራ የሚማሯቸውን ቃላት ለፈተና እያጠናች ስለነበር ወረቀቱን እጄ ላይ አድርጋ ጠይቂኝ አለችኝ። መላምት ምንድን ነው ስላት፣ ከመሞከር በፊት የሚሰጥ ግምት ነው አለች። ምልከታ ስላት፣ የታየውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መመዝገብ ነው አለች። ድምዳሜ ላይ ስደርስ መነጽሬ ጠፋብኝ ብዬ ወረቀቱን መለስኩላት። መነጽሬ ዓይኔ ላይ ነበር፤ ልጅቱ ሳቀችብኝ። ውሃ የጠጣ ባቄላ የሚሰጠው ያ ኮምጠጥ ያለ፣ አፈር አፈር የሚል ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። እኔ ግን ያን ሽታ ከሃምሳ ዓመት በላይ ስሸሸው ኖሬያለሁ።

እኔም ስድስተኛ ክፍልን የተማርኩት እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። ጥቅምት ላይ ጠዋት ጠዋት እጃችን ከብርዱ የተነሣ እርሳስ መያዝ እስኪያቅተው ድረስ የምንንቀጠቀጥበት፣ ፀሐይዋ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ በምሥራቁ መስኮት ስትገባ ሁላችንም ወደዚያው ወንበር የምንጠጋጋበት ክፍል ነበር። የሳይንስ መምህራችን መምህር ታደሰ ከሲዳሞ የመጡ፣ ሁልጊዜ አንድ ቡናማ ሹራብ የሚለብሱ ሰው ነበሩ። ዝናቡን በቆርቆሮ፣ ጥላውን በዱላ ይለካሉ። እኛም በሌሉበት «ልኬት» ነበር የምንላቸው፤ እሳቸው ያውቁት ነበር፣ አልከፋቸውም።

አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ዳኛ ፊት አይቀርብም እያሉ ነው ያሳደጉን፤ አንድ ፊደል ከተበላሸባቸው ገጹን በሙሉ ቀደው እንደገና ይጽፋሉ። እኔም ደብተሬን እንደዚያው እይዝ ነበር፤ ርእሱ በቀይ፣ ሐተታው በሰማያዊ፣ ኅዳጉ በማስመሪያ። እንግዳ ሲመጣ አባቴ ደብተሬን ያስመጡና ገጽ በገጽ ያሳያሉ። እንግዳው ማንበብ ይችል እንደሆነ መጠየቅ ትዝ አይላቸውም ነበር።

በግቢያችን፣ ከበረቱ አጠገብ ያለችውን ክፍል የተከራየች የሻረግ የምትባል ልጅ ነበረች። አገሯ ዲማ በኩል ነው፤ አባቷ ስንቋን በአህያ ጭነው ያመጡላታል። ከእኔ ሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ የክፍል ጓደኛዬ ግን ናት። ባቄላና ስንዴ ቀቅላ በጨርቅ ቋጥራ ትይዝና፣ እኛ ለምሳ ወደየቤታችን ስንሄድ፣ ቤት የሚጠብቃት ሰው ስላልነበራት ክፍል ውስጥ ብቻዋን እየበላች ታነባለች። ጠዋት አብረን ስንሄድ ግን ከንፍሮዋ ለእኔ ሳታካፍል የቀረችበት ቀን የለም። ኪሴን ከፈት አድርጌ እቆማለሁ፤ እሷም እፍኟን ትገለብጥልኛለች።

አንድ ቀን መምህር ታደሰ ዘር ለመብቀል ብርሃን ያስፈልገዋል ወይ ብለው ጠየቁን። መላምት የሚለውን ቃል ያኔ አልሰማነውም፤ እሳቸው «ግምት» ነበር የሚሉት። እኔ ተነሥቼ፣ ብርሃን ከሌለ ሕይወት ስለሌለ በጨለማ አይበቅልም አልኩ። ክፍሉ ተስማማ። የሻረግ ቀስ ብላ ተነሣች።

«እኛ ቤት ብቅል የሚበቅለው በጨለማ ነው። ገብሱን አርሰን፣ በቅጠል ጠቅልለን ጓዳ እናስቀምጠዋለን። ፀሐይ አያየውም።»

ከኋላ አንዱ፣ «ጠላውንስ መቼ ታመጪልናለሽ?» አላት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። እኛ ቤት ብቅል ደርቆ ከገበያ ነበር የሚመጣው፤ የት እንደሚበቅል ጠይቄ አላውቅም።

መምህራችን ሳቁን በእጃቸው አስቁመው፣ በስምንት ቀን እናየዋለን አሉ። ለሁለታችን በእርጥብ ጥጥ ላይ አራት አራት ባቄላ ያለባቸውን ሁለት ብርጭቆ ሰጡን። ብርሃን የሚያገኘውን መስኮት ላይ የሻረግ፣ ጨለማውን የጠመኔ ሣጥን ውስጥ እኔ እንድንጠብቅ፣ በየጠዋቱ ውሃ ጠብ አድርገን ያየነውን እንድንጽፍ፣ እስከ ስምንተኛው ቀን አንዳችን የሌላዋን እንዳናይ አዘዙ። ሣጥኑ ቁልፍ አልነበረውም። አደራ ብቻ ነበር።

እኔ በዚያው ዕለት ከትምህርት መልስ ድምዳሜውን በቀለም ጻፍኩት። «ዘር ያለ ብርሃን አይበቅልም።» በቀይም አሰመርኩበት። ቅዳሜ የመጣ እንግዳ አባቴ አንብበውለት ራሱን እየነቀነቀ ሲያደንቅ በበሩ ቀዳዳ አይቻለሁ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሣጥኑን ስከፍት አራቱም ባቄላ በቅሏል። ነጭ፣ ቀጭን፣ ትንሿን ጣቴን ያህል የረዘመ፣ ወደ ሣጥኑ ስንጥቅ የተጣመመ። ቁጭ ብዬ አየሁት። የሚያስፈልገኝ አንድ መስመር ነበር፤ የጻፍኩትን መሰረዝና ከሥሩ ያየሁትን መጻፍ። ያን ገጽ በአሳቤ ተሰርዞ ሳየው ግን የአባቴን ፊት አየሁ። ኪሴ ውስጥ የሻረግ በዚያ ጠዋት የሰጠችኝ ንፍሮ ነበር። አራት ባቄላ መርጬ ጥጡ ላይ አስቀመጥኩ። የበቀሉትን በመሐረቤ ቋጥሬ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ጣልኳቸው።

በስምንተኛው ቀን ሁለቱ ብርጭቆዎች ጠረጴዛ ላይ ወጡ። የመስኮቱ አረንጓዴ ሆኗል፤ የሣጥኑ አብጦ ተኝቷል። ክፍሉ ወደ የሻረግ እየዞረ ሳቀ። እሷ ግን አልሰማቻቸውም። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ አንዱን ባቄላ አነሣች፣ አሸተተችው፣ በሁለት ጣቷ ጫን ስትለው ቅርፊቱ ሾልኮ ወጣ።

«መምህር፣ ይህ የተቀቀለ ነው» አለች።

ከዚያ አንዱ፣ «ታዲያ እዚህ ክፍል ንፍሮ የሚበላው ማን ነው?» አለ። ሌላዋ ተቀብላ፣ በምሳ ሰዓት ብቻዋን የምትቀረው እሷ ናት፣ የሷ ግምት ሳይሆን ሲቀር ሙከራው ተበላሸ እንዲባል አስባ ነው አለች። መምህር ታደሰ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሣጥኑን ስትከፍቺ ስታዪው የነበረው ይህንኑ ነው?»

«አዎ፣ ይህንኑ ነው።»

ይህን ስል የማየው ደብተሬን ነበር። የሻረግ ግን እኔን እንደምታይ አውቄያለሁ። ምን እንዳሰበች ያኔ አልገባኝም። የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ የአባቴ ግቢ፣ የአባቴ ቤት፣ የእኔ ቃልና የእሷ ቃል፤ የማን እንደሚታመን አውቃ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

መምህራችን አላመኑም መሰለኝ፣ ደጋግመው ጠየቋት። ከዚያች ቃል አልወጣችም። ወላጅ አምጪ ተባለች። አባቷን ልታመጣ ሄዳ እሷ ሳትመለስ ቀረች። በሁለተኛው ሳምንት አባቷ መጥተው ጓዟን አህያ ላይ ጫኑ፤ አባቴን፣ ልጄ አሳፍራኛለች፣ እርስዎንም አስቀይማ ከሆነ ይቅር ይበሏት አሏቸው። አባቴም ምንም አይደለም ብለው አጽናኗቸው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። በሳይንስ ከአሥር አሥር አግኝቻለሁ።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ በዚሁ ከተማ መሥሪያ ቤት ገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። የሻረግን ለመፈለግ በዓመት አንድ ጊዜ አስብና እተወዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የሰፈር ሴቶች ለንግሥ ዲማ ሲወርዱ አብሬ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ጠያይቄ ቤቷን አገኘሁት፤ እሷን አላገኘኋትም። እኔ ከመድረሴ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ አርፋለች። ጎልማሳ ልጇ ቁርበት አንጥፋ አስቀመጠችኝ፣ እናቷን ከየት እንደማውቃት ጠየቀችኝ። አብረን ተማርን አልኳት። ፊቷ በራ።

«እንግዲያስ ታሪኩን ያውቁታል» አለች። «ስድስተኛ ክፍል ሳለች አታልላ ነው ያባረሯት። አትዋሹ፣ እኔን ከትምህርት ያስወጣኝ የገዛ ውሸቴ ነው እያለች ነው ያሳደገችን። ለሰው ሁሉ አትናገረውም፤ ለእኛ ግን አልደበቀችንም።»

በእጄ የያዝኩትን ኩባያ ማስቀመጫ አጣሁ። ወደ ዲማ ስወርድ የወሰድኩባት ትምህርቷን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ልጆቿ ዘንድ ያላትን ስም ጭምር እንደወሰድኩባት ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ቦታም ሰዓትም አልነበረም፤ ቃሉ አጭር ነው፣ እሷ በአሥራ አምስት ዓመቷ ብላዋለች።

«ደግ እናት ነበረቻችሁ» አልኩና ተነሣሁ።

ልጅቱ ቦርሳዬን ተሸክማ መኪናው ድረስ ሸኘችኝ። የእናቴ ጓደኛ ብላ ጎንበስ አለችና ጉልበቴን ሳመች። አልከለከልኳትም።