ሰሌን ላይ የተማርኩት ትንፋሽ

ቦንጋ፣ ጓሮዬ ያለችውን አንዲት ክፍል ለመምህራን አከራይ ነበር። ከሁሉም የማትረሳኝ ከሰሜን ተመድባ የመጣች ወጣት መምህርት ናት። በጠዋት በረንዳዬ ላይ ሰሌን ትዘረጋና እጇን ወደ ሰማይ ትሰቅላለች፣ ታጎነብሳለች፣ እንደ ድመት ጀርባዋን ታጎብጣለች። መጀመሪያ ሆዷን የቆረጣት መስሎኝ ጤናዳም ይዤላት ሄድኩ።

«ደህና ነኝ እማማ» አለች እየሳቀች። «ዮጋ ነው፤ ኮሌጅ ሳለሁ የተማርኩት።»

ደህና ያልነበርኩት እኔ ነኝ። ጎረቤቴ አጥር ስታድስ አንድ እርምጃ ወደ እኔ ገፍታ ሦስት እንሰት ተክላብኝ ነበር። «አንድ እርምጃ ምን ያደርግልሻል?» ያሉኝ ብዙ ናቸው። እኔ ግን የሰው አልነካም፣ የኔንም አላስነካም። ሽማግሌዎች ፊት ጮኼ ጮኼ ዓይኔ ጨለመና ወደቅኩ። ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሰጥተውኝ፣ «ግፊትዎ ከፍ ብሏል፣ ንዴት ይቀንሱ» አሉኝ። ሽማግሌዎቹም በሦስት ሳምንት ቀጠሩን። ዝም ካልኩ መሬቴ ሊሄድ ነው፤ ከተናገርኩ እኔ ልሄድ ነው።

ይህን ስነግራት መምህርቷ፣ «መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ። እኔ ደግሞ አተነፋፈስ አስተምርዎታለሁ» አለች።

«ስድሳ ዓመት ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለሽ?»

«ሲናደዱ መቼ ይተነፍሳሉ? ይይዙታል እኮ!»

እውነቷን ነው። በአፍንጫ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ ከዚያ ረዘም አድርጎ ማስወጣት። ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ተሰቅሎ እንደሚውል ያወቅኩት ያኔ ነው። ጉልበቴ እምቢ ያለውን ትታልኝ፣ ወገብ የሚያፍታታውን አሳየችኝ። መጨረሻ ላይ በጀርባ ተንጋሎ፣ እጅ ዘርግቶ፣ ዓይን ጨፍኖ ዝም ነው። ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እየሰማን የተጋደምንባቸው ጠዋቶች ዛሬም ይናፍቁኛል። ጥሎኝ ሄዶ የነበረው እንቅልፍ ተመለሰልኝ።

የቀጠሮው ዋዜማ መምህርቷ ገበያ ሄዳ ብቻዬን ተንጋልያለሁ። ጎረቤቴ በአጥሩ አጮልቃ አየችኝ። ጠርታኝ ነበር አሉ፤ አልሰማኋትም። በእኛ ሰፈር በዕድሜ የገፋች ሴት በጠዋት እንዲያ ተዘርግታ ከታየች ሞታለች ማለት ነው። አጥሩን ጥሳ ገባችና ደረቷን መምታት ጀመረች።

«ወይኔ እትዬን! ሳንታረቅ! በሦስት እንሰት ገደልኳቸው!»

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ዓይኔን ስገልጥ የድሮው ንዴት ከሆዴ ተነሳ። ረዘም አድርጌ አስወጣሁት፤ ከዚያ ሳልጮኽ፣ «አልሞትኩም። ግን በሰው ፊት ሦስት እንሰት ነው ያልሽው፣ አይደል?» አልኳት።

«እኒህ ሴትዮ ሞተውም ይከራከራሉ!» ብላ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

ከመጡት አንዱ ከሽማግሌዎቹ ነበርና ቀጠሮው ሳይጠበቅ ወሰኑን ለመለካት ገመድ ተዘረጋ። አጥሩ ወደ ጥንት ቦታው እንዲመለስ፣ እንሰቶቹም ለእኔ እንዲሆኑ ተፈረደ። ይኼን ጊዜ እጄን አነሳሁ።

«እንሰቱ ላይ የለፋችው እሷ ናት። እስኪደርስ ትኮትኩት፣ ሲደርስ ለቆጮዋ ትፋቀው። መሬቱ ግን የእኔ ነው።»

ሽማግሌው ተገርመው፣ «ባለፈው እንዲህ ብትናገሪ ኖሮ» አሉ።

ባለፈውማ ትንፋሽ አልነበረኝም። መምህርቷ በዓመቱ ተዛውራ ሄደች። ጎረቤቴ ግን እንሰቶቹን ልትኮተኩት፣ እስኪደርሱ ድረስ ለዓመታት በበሬ በኩል፣ «እትዬ፣ ልግባ?» እያለች ስትመጣ ኖረች።