የማያልቀው በረባሶ

ባለፈው ሳምንት መምህራችን ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ሳለና «ዑደታዊ ኢኮኖሚ» ብሎ ጻፈበት። ጥሩ ድርጅት ያገለገለ ዕቃ አይጥልም፤ መልሶ ጥሬ ዕቃ ያደርገዋል፤ የሚያመርተውም ነገር ዕድሜው ረጅም መሆን አለበት አለን። ከዚያ ከየአካባቢያችን አንድ ምሳሌ እንድናቀርብ አዘዘን። የቡድን ጓደኞቼ ዞረው አዩኝ።

«አባትሽ ከአሮጌ ጎማ ጫማ ይሠራሉ አላልሽም? በቃ፣ ተገላገልን!» አለች አንዷ።

ላስደስታቸው ብዬ እሺ አልኩ። ልጽፍ ስቀመጥ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

አባዬ ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳር በረባሶ ይሠራል። የጎማው ጀርባ ሶል ይሆናል፤ የውስጡ ስስ ጎማ ማሰሪያ፤ ቁርጥራጩ የበር ማጠፊያ። ከጠርዙ የሚወጣውን ሽቦ እንኳ የሰፈራችን ሴቶች ልብስ ማስጫ ያደርጉታል። ክረምት ላይ ከሱቁ የሚወጣው የእርጥብ ጎማ ሽታ ከሐይቁ ጭቃ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ቤታችን ድረስ ይገባ ነበር። በገበያ ቀን ውጫሌ ሄዶ «ይኼን የገዛ ለልጁ ያወርሳል!» እያለ ይጮኻል። ገበሬዎቹም «ከኔ በላይ ሊኖር ነው እንዴ?» ብለው ይስቁና ይገዛሉ።

ጎማ የሚያመጣለት ጎረቤታችን ሰይድ ነበር። የለውጡ ሰሞን ወጣቶች ተደራጁ ሲባል ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ አሮጌ የጭነት መኪና ገዛ። ከአምባሰል ቆላ ማሽላ ይጭን ነበር። ጎማ ባለቀበት ቁጥር እያንከባለለ ለአባዬ ያመጣለታል፤ አባዬም በምላሹ ለእናቱ ለእማማ ዘይነባ ጫማ ይሠራላቸዋል።

«አንተ ሰይድ፣ የኋላው ጎማ መቼ ነው የሚያልቅልኝ?»

«ጋሼ፣ ትናንት የገጠምኩት እኮ ነው! ዓይንዎን ያንሱልኝ!»

«እኔ መች ቸኮልኩ፤ የሰው እግር ነው የቸኮለው።»

«አብሽሩ፣ መጨረሻው እርስዎ ዘንድ ነው።»

ጦርነቱ በመከር መጣ። ማሽላው ሳይታጨድ ወፍ ጨረሰው። እኛ በእግራችን ከሐይቁ ማዶ ወዳሉት ዘመዶቻችን ሸሸን። ሰይድ ከውጫሌ የሚሸሸውን ሰው ወደ ደሴ ሲያመላልስ መኪናው መንገድ ላይ ተመታ። የመኪናው ፊት ተቃጠለ፤ ሰይድም እዚያው ቀረ።

ስንመለስ የሱቃችን በር ተገንጥሏል። አባዬ ያከማቸው ጎማ ሁሉ መንገድ መዝጊያ ሆኖ ነድዷል። ሰው ከየሸሸበት በባዶ እግሩ እየተመለሰ ሱቁ ፊት ይቆማል። «ታደሰ፣ ምን አለህ?» ይሉታል። ምንም አልነበረውም። ጎማ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የሰይድ መኪና ላይ። የኋላዎቹ አልተቃጠሉም።

«ልጆቹ ንፍሮ እንኳ ሊያጡ ነው» አለችው እናቴ። «አንተ ባትቆርጠው ብረት ሰብሳቢ ይወስደዋል።»

«የሰይድን ጎማ? በምን ዓይኔ እናቱን ልያቸው?»

እማማ ዘይነባ ራሳቸው መጡ፤ በባዶ እግራቸው። ተቀመጡ ቢባሉም አልተቀመጡም።

«ታደሰ፣ ጎማውን አውርድ።»

«እማማ፣ ተዉኝ እባክዎ።»

«መጨረሻው አንተ ዘንድ ነው ሲልህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰው በእሾህ ላይ እየሄደ የልጄ ጎማ ሜዳ ላይ አይበሰብስም፣ ወላሂ!»

አባዬ ቆረጠው። እኔ ጎማውን ወጥሬ ስይዝ እሱ ካራውን ውኃ ውስጥ እየነከረ ይስባል። የጎማው ጥርስ ገና አልተበላም ነበር።

ጫማዎቹ ተደረደሩ፤ የሚገዛ ግን ጠፋ። ሰዉ መጥቶ ያነሳና የማን ጎማ እንደሆነ ሲሰማ መልሶ ያስቀምጣል። አንድ ሽማግሌ «ይኼ መቃብር ነው፤ አይረገጥም» ብለው በቆሰለ እግራቸው ሄዱ።

ይኼን ሲሰሙ እማማ ዘይነባ መጥተው አንዱን ጥንድ አነሱ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ቀስ አድርገው አሰሩት።

«ለልጁ ያወርሳል ትል የለ?» አሉት አባዬን። «ይኸው፣ እናት ወረሰች።»

ተነሥተው በገበያተኛው መካከል ወደ ውጫሌ አቀኑ። ሰው ሁሉ እግራቸውን አየ። በሚቀጥለው ገበያ አንድም ጫማ አልተረፈም፤ ሽማግሌውም ተመልሰው ገዙ። እኛም እህል ገዛን። አባዬ ግን ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ጮኾ አያውቅም፤ ጫማውን ዘርግቶ ገዢ ይጠብቃል።

ዩኒቨርሲቲ ልመጣ ስል እማማ ዘይነባን ልሰናበት ሄድኩ። በረባሶው ደጃፋቸው ላይ ነበር። የጎማው ጥርስ አሁንም ይታያል።

«እስካሁን አላለቀም እማማ?» አልኳቸው፤ የአባዬን ሥራ ማመስገኔ ነበር።

«እሱ ሲያልቅ ሐዘኑም ይቀለኛል ብዬ ነበር፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «አባትሽ አጠንክሮ ሠራው።»

ነገ እናቀርባለን። ክቡን በጥንቃቄ ስያለሁ፤ ቀስቶቹም ሁሉ ተገናኝተዋል። «የምርቱ ዕድሜ» ከሚለው ትይዩ «ረጅም» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ትክክል ነው፤ መምህሩም ይወደዋል። እማማ ዘይነባ ያሉኝን የምጽፍበት ቦታ ግን ክቡ ላይ አጣሁ።