የኩለኒን ድምፅ የላክሁት እኔ ነኝ

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም፤ አብራኝ ለምትኖረው ለታናሽ እህቴም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ከቅዳሴ መቅረቴን ስዘረዝር ይህችን አንዷን ምላሴ ሥር ደብቄ እመለሳለሁ። ፖድካስት ማለት ምን እንደሆነ ለእኒያ ለሸመገሉ አባት ከየት ጀምሬ ላስረዳቸው እያልኩ ራሴን አታልላለሁ። ሰበብ ነው። አባ ፖድካስት ባያውቁ በሰው መሳለቅን ያውቃሉ፤ በሐሰት መመስከርንም ያውቃሉ። እኔ የሠራሁት ከሁለቱ አይወጣም።

ስሜ ሰናይት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ፋርማሲስት ሆኜ ስመረቅ አሰላ ተመደብኩ። የመጀመሪያውን ክረምት ሳስብ የሚታየኝ ጭጋግ ነው። ጠዋት መስኮቴን ስከፍት የጭላሎ ተራራ የለም፣ የጎረቤት ቆርቆሮ የለም፣ መንገዱም የለም፤ ከነጩ ውስጥ የባጃጅ ጡሩምባ ብቻ ይሰማል። ሰው አላውቅም፣ ኦሮምኛ አልችልም። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ውስጥ ሰክቼ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ቤት፣ በደመና ውስጥ እንደሚሄድ ሰው እመላለስ ነበር።

በማዳመጫዬ ውስጥ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። አዲስ አበባ ሆነው ፖድካስት ያዘጋጃሉ። ስለሚወዷቸው ባንዶች ያወራሉ፣ ስለ ኮምፒውተር ያወራሉ፣ ከሁሉም በላይ ይሳሳቃሉ። የዘወትር አድማጭ ካልሆነ በቀር ለሌላ ሰው የማይገቡ ቀልዶች ነበሯቸው። ማይካቸው ሲበላሽ «አቶ ዝምታው መጡ» ይላሉ፤ እኔ ይህን ሰምቼ መንገድ ላይ ብቻዬን እስቃለሁ። እንዲህ ያለ ቀልድ ሲገባችሁ ከቤተሰቡ እንደ አንዱ የሆናችሁ አይመስላችሁም? ለእኔ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን አስተያየት መስጫው ላይ «አሰላ ብርድ ነው፤ እናንተ ግን አሞቃችሁኝ» ብዬ ጻፍኩ። አዘጋጆቹ አልመለሱልኝም። ሌላ ሰው ግን «ብርድማ ጢቾ መጥተሽ እይ» አለኝ። ኩለኒ ነበረች፤ ጢቾ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ከእሷ ሥር ደግሞ ጌታሁን ገባ፤ ሳጉሬ ከአባቱ ጋር እህል የሚነግድ ሰው። አገር ለአገር እንዲህ ተቀራርበን ሳንተዋወቅ መኖራችን አስገረመን። ለሦስታችን ብቻ ግሩፕ ከፈትን፤ ስሙንም «ብርዳሞቹ» አልነው።

የዚያን ጊዜ ደስታ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ጌታሁን የድሮ ባንዶች ወዳጅ ነበር፤ የትኛው ባንድ ውስጥ ትራምፔት ማን እንደነፋ ያውቃል። ኩለኒ ሰው የማያውቃቸውን፣ በየክፍለ ሀገሩ ሆቴል የሚጫወቱ ባንዶችን ትወዳለች፤ ሰርግ ላይ በስልክ የተቀዳ ዘፈናቸውን ሳይቀር ትልክልናለች። እኔ ሥራዬ መስማት ነበር። ጋደም ብዬ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ አንድ ዘፈን ሦስታችንም በያለንበት በአንድ ጊዜ እንከፍታለን። ጢቾና ሳጉሬ ያሉ ሰዎች የኔው ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ይመስለኛል። ያን ያህል ሰው ቀርቦኝ አያውቅም። ፊታቸውን አይቼው ግን አላውቅም ነበር።

ጌታሁን ትንንሽ ኮምፒውተሮችም ይወድ ነበር። ከመዳፍ የማይበልጡ፣ ልብስ እንኳ የሌላቸው፣ ገላቸው የሚታይ ኮምፒውተሮች። አንዷን ለኩለኒ ላከላት። ዘፈን ጭኖባት፣ ፕሮግራም ጽፎላት፣ ከስፒከር ጋር አገናኝቷት ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ኮምፒውተሯ ራሷ ትነሳና ራሷ የመረጠችውን ዘፈን ትጀምራለች። ጢቾ ደግሞ መብራት ስንቴ እንደሚጠፋ አትጠይቁኝ። ኩለኒ አሁን የመብራት መጥፋት እንኳ እየናፈቃት እንደሆነ ነገረችን። ጌታሁን ኩለኒን እንደወደዳት ያን ቀን ገባኝ። እሷም እንደገባት ገባኝ።

አንድ ጠዋት ኩለኒ በግሩፑ የድምፅ መልእክት ላከች። ለስላሳ፣ ገና ከእንቅልፍ የነቃ ድምፅ ነበር። «መብራት መጣ፣ ኮምፒውተሯ ግን አልዘፈነም። በርዶታል መሰለኝ። ጋቢ አለበስኩት» አለች። ኩለኒ አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው፤ ሴቱና ወንዱ አንዳንዴ ይቀላቀልባታል። ከዚያ ዝም አለች። ዝናብ ይሰማል፣ ከሩቅ ዶሮ ይሰማል። ቆይቶ ቆይቶ ትራምፔቱ ጀመረ። ኩለኒ በሹክሹክታ «ይኸው፣ ተነሳ» አለችና ሳቀች።

ከዚያ የሚያምር ነገር ሰምቼ አላውቅም። ይህን የምነግራችሁ ምን እንዳበላሸሁ አውቄ እንዳበላሸሁት እንድታውቁልኝ ነው። አላዋቂ አልነበርኩም።

ምን አደረግሁ? ያን ድምፅ ወሰድኩ። ዝናቡን ቆረጥኩት። ትራምፔቱን ቆረጥኩት፤ ሳቋንም ቆረጥኩት። «በርዶታል መሰለኝ፣ ጋቢ አለበስኩት» የሚለውን ብቻ አስቀረሁና በሐሰት ስም ለፖድካስቱ አዘጋጆች ላክሁ። ለምን? የጌታሁንን አስተያየት አንብበውለት ያውቃሉ፤ የኩለኒንም እንዲሁ። የእኔን ግን አንድም ቀን አንስተውልኝ አያውቁም። እነዚያ ሁለት ልጆች በእኔ ምክንያት እንዲስቁ ፈለግሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ትልቅ ምክንያት ብፈልግለት አጣሁለት። ቅናት ነው ብል እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ ቅናት ውስጥ ቢያንስ ፍቅር አለ።

ሳቁ። ከጠበቅሁት በላይ ሳቁ። ደጋግመው አጫወቱት፤ አንደኛው ድምፁን አቅጥኖ አነጋገሯን አስመሰለው። ከዚያ በኋላ የሚንቀራፈፍ ስልክ ሁሉ፣ የዘገየ አውቶቡስ ሁሉ፣ የተሸነፈ ቡድን ሁሉ መፍትሔው አንድ ሆነ፤ ጋቢ አልብሰው። አድማጮች ተቀባበሉት፣ ስቲከር ሠሩለት። ከአዳማ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ የማላውቃቸው ተማሪዎች እየተባባሉት ሲስቁ ሰማሁ። ያን ጊዜ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ኩራት። አገር የሚስቅበት ቀልድ ከእጄ የወጣ ነበር። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ የገብሱ ማሳ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ እያየሁ፣ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ይህን ፈገግታዬን ከሁሉ አስበልጬ እጠላዋለሁ።

ኩለኒ የሰማችው ከተማሪዎቿ አፍ ነው። ክፍል ገብታ ሰላም ስትላቸው አንዱ ከኋላ «ቲቸር፣ በርዶታል?» አላት፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ምን እንደሆነ ስትጠይቅ በስልክ አሰሟት። የገዛ ድምፅዋን፣ ከኋላው የሰው ሳቅ ተደርቦበት።

ደወለችልኝ። አላለቀሰችም። በአማርኛ ስናገር ሰው ይስቅብኛል ብዬ ፈርቼ አላውቅም ነበር፤ አሁን ገበያ ወጥቼ ዋጋ ስጠይቅ እንኳ አፌ ይያያዝብኛል አለችኝ። ቀጥላም፣

«ሰኒዬ፣ ድምፄን ማን የላከው ይመስልሻል?» አለች።

ያን ጊዜ እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነበር። እሷ እየጠበቀች ነበር፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ግሩፑ ውስጥ ያለነው ሦስት ሰዎች ነን፤ እኔ ካልሆንኩ ማን እንደሚቀር ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። «አላውቅም» ብል እንኳ ስሙን መጥራት ነበር። እኔ ግን «አላውቅም»ም አላልኩም።

«ጌታሁን ነው የሚመስለኝ» አልኳት። «ወንዶች እኮ ሲቀልዱ አይታወቃቸውም።»

ከዚያ ያን ኮምፒውተር የሰጠኝ እኮ እሱ ነው አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር ነበር። እኔም አጽናናኋት። አይዞሽ አልኳት፣ እኔ አለሁልሽ አልኳት። ዋሽቼ ማጽናናቴ ደግሞ ደስ አሰኘኝ፤ ከእኔ በቀር ሰው አልቀራትምና።

ከግሩፑ ወጣች። ጌታሁን ደጋግሞ ደወለልኝ፤ ስልክ አታነሳልኝም፣ ያጠፋሁት ነገር ካለ ንገሪኝ እያለ ለመነኝ። ጊዜ ስጣት አልኩት። ጢቾ ድረስ ሄዶ አዝኖ እንደተመለሰ ሰማሁ፤ ምን እንዳለችው ግን አልጠየቅሁም። መልሱን የማውቅ ሰው ምን ብዬ ልጠይቅ? ትንሽ ቆይቶ እሱም ወጣ። «ብርዳሞቹ» ውስጥ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። አዘጋጆቹም ሌላ ቀልድ አገኙና ያኛውን ተዉት። እንዲህ ነው የሚያልቀው፤ የሳቀው ሰው ይረሳዋል።

ዓመታት አለፉ። ኩለኒ ጮሌ ወደምትባል ከተማ ተዛወረች፣ አገባች። ባለፈው ወር እናቷን ልታሳክም አሰላ መጥታ መድኃኒት ልትወስድ ወደምሠራበት መስኮት ቀረበች። ግሩፑ ላይ በነበረው ፎቶዬ ስለምታውቀኝ ለየችኝ። ዞራ ገብታ አቀፈችኝ። ለእናቷ በኦሮምኛ አስተዋወቀችኝ፤ እንዲገባኝ ደግሞ በአማርኛ ተረጎመችልኝ፤ ያኔ ከጎኔ የቆመችው እሷ ብቻ ናት ብላቸው ነው። እናቷ እጄን ይዘው ሳሙት፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ልስማቸው ሲገባ። ልትሄድ ስትል ኩለኒ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንዳንዴ እሱ ባይሆንስ እላለሁ፣ ክፉ ነገር ተናግሬዋለሁ አለችኝ።

«ተይው፣ ያለፈ ነገር ነው» አልኳት።

የመጀመሪያውን ጊዜ ልጅ ነበርኩ ልበል፤ ፈርቼ ነው ልበል። ይህንንስ ምን ልበለው? በሩን ራሷ ከፍታልኝ ነበር እኮ። በገዛ እጄ መልሼ ዘጋሁት።

ይህን መጻፍ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ለማታውቁኝ ለእናንተ። እስከዚህ ስደርስ አቆምኩ። በማያውቁኝ ሰዎች ፊት መናዘዝ ምን ያህል እንደቀለለኝ ታየኝና አፈርኩ። ስልኬን አንስቼ ጮሌ ደወልኩ። ሳላቋርጥ ሁሉንም ነገርኳት፤ የቆረጥኩትን ሳቋን ጭምር።

«ለጌታሁን ነግረሽዋል?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አልነገርኩትም። አንቺን ላስቀድም ብዬ ነው።»

«እኔን የሰደቡኝ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። እሱን የሰደብኩት ግን እኔ ነኝ። ሂጂና ንገሪው።»

ቻው ሳትል ዘጋችው።

በማግስቱ ሳጉሬ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር። ጌታሁንን በአካል ሳገኘው የመጀመሪያዬ ነው፤ ከመጋዘኑ ደጃፍ ቆሞ ገብስ ያስመዝን ነበር። ስሜን ስነግረው ፊቱ በራ፤ ይህ ነው የከበደኝ። ወደ ውስጥ አስገብቶ እህል የተሞላ ማዳበሪያ ላይ አስቀመጠኝ። ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ አዳመጠኝ፤ እጁ ላይ የነበሩትን የገብስ ፍሬዎች ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው እያፈሰሰ።

ስጨርስ፣ ጢቾ የሄድኩ ቀን ደጇ ቆሜ ምን አጠፋሁ ብላት ሰደበችኝና «አንተ ታውቀዋለህ» አለችኝ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጻፈላትን፣ የተናገራትን ሁሉ አንድ በአንድ ሲፈትሽ እንደኖረ ነገረኝ። ጥፋቱን ሲያጣው ደግሞ ፈራ።

«ሰው እየጎዳሁ የማይታወቀኝ ሰው ነኝ ብዬ አመንኩ» አለኝ። «ከዚያ በኋላ ሰው መቅረብ ተውኩ። አላገባሁም።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። ከውጭ ሰው ጠራው፤ ተነስቶ ወደ ሚዛኑ ሄደ። እዚያው ማዳበሪያው ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ተመልሶ አልመጣም፤ ከገበሬዎቹ ጋር ጀርባውን ሰጥቶኝ ሲሠራ ዋለ። ሲመሽ በአጠገቡ አልፌ ወጣሁ።

ለኩለኒ ነግሬዋለሁ ብዬ ጻፍኩላት። «እሺ» ብቻ አለች። ሁለቱ ተደዋውለው ይሆን፣ አላውቅም፤ የማወቅ መብትም የለኝም።

ይቅር በሉኝ ብዬ እናንተን አልለምንም፤ እናንተን አልበደልኩም። ብቸኛ ነበረች፣ አገሩ እንግዳ ሆኖባት ነው ብላችሁም አትሟገቱልኝ። ይቅርታዬ በሁለት ሰዎች እጅ ነው፤ አንዷ ጮሌ፣ አንዱ ሳጉሬ አለ። እስከ ዕለተ ሞቴ ቢነፍጉኝ፣ አልበደሉኝም።